ገብስ አምባ ሳይዘጋ

ባለፈው ሰሞን ከመካነ ኢየሱስ ወደ ደብረ ታቦር ስጓዝ፣ አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ ከእግሩ ሥር ካኖረው ከረጢት አንድ ሽታ መጣብኝ። ጦስኝ ነው። ጦስኝ በየገበያው የሚገኝ ነገር ነው፤ ሻይ ውስጥ ይጨመራል፣ ለሳል ይጠጣል፣ ማንም አሽትቶት ያልፋል። የዚህኛው ግን አፍንጫዬን አልፎ ሆዴ ውስጥ ገባ። ገደል አፋፍ ላይ ነፋስ እየገረፈው የበቀለ ጦስኝ ሜዳ ላይ እንደበቀለው አይደለም፤ ቅጠሉ ያንሳል፣ ሽታው ይበረታል። «ወንድሜ፣ ይሄን ከየት አመጣኸው?» አልኩት። «ከስማዳ ነው እናቴ። ገብስ አምባ የምትባል አገር አለች፤ አያውቋትም» አለኝ። አያውቋትም! «በሩ ላይ ያለው የኮሶ ዛፍ አለ ወይስ ቆረጣችሁት?» ስለው ዞር ብሎ አየኝ፤ እንደገና አየኝና «መምህርት ማስተዋል!» ብሎ ጉልበቴን ሊስም ሲያጎነብስ ግንባሩ ከፊቱ ወንበር ጋር ተላተመ። ለካ ይበልጣል ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቼ አንዱ፣ ያልተጠየቀውን ሁሉ የሚመልስ ልጅ የነበረ። አሁን ጺሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል። ከዚያ በኋላ መንገዱ እንዴት እንዳለቀ አላወቅነውም።

ገብስ አምባ ደሴት ናት። እንዲህ ስል የማያውቀኝ ሰው ይስቃል፤ ከባሕር ስንት አገር ርቃ! እኔ ግን ዕድሜዬን በጂኦግራፊ ማስተማር የጨረስኩ ሴት ነኝና ቃሉን የምናገረው አስቤበት ነው። ዙሪያዋን ገደል ነው። በምሥራቅ በኩል ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይወርዳል፣ በምዕራብ ሌላ ጅረት ይወርዳል፣ ሁለቱ ከጫፏ ሥር ይገናኛሉ። በሰሜን በኩል ድሮ ከዋናው ደጋ ጋር የሚያያይዛት አንገት ነበራት አሉ፤ እሱም ተንዶ ተንዶ እኔ ስደርስ ፍየል እንኳ የማትደፍረው ስለት ብቻ ቀርቶ ነበር። አናቷ ግን ሜዳ ነው፤ ቁርሱን የበላ ሰው ዳር ዳሩን ዞሮ ለምሳ ቤቱ ይደርሳል። ታች ወንዙ ዳር ሙቀቱ አይጣል ነው፤ ማሽላና በርበሬ የሚበቅልበት፣ ዝንጀሮ የሚፈነጭበት ቆላ። ሽቅብ ተወጥቶ አንድ መግቢያዋ የሆነው በሩ ላይ ሲደረስ ጋቢ ያስፈልጋል። ከላይ ገብስ፣ አስታ፣ ኮሶ፣ ወደ አንድ ወገን ያዘመመ ወይራ፤ ነፋሱ ሁልጊዜ ከአንድ ወገን ስለሚመጣ ዛፉ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚያድገው። ምንጩ አንድ ነው፣ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ሥር። ክረምት ሲገባ ወንዞቹ ይሞሉና ከሰኔ መገባደጃ እስከ መስቀል ማንም አይገባም፣ ማንም አይወጣም። ይህን ጊዜ አገሬው «አምባው ተዘጋ» ይላል።

እዚያ የደረስኩት መንግሥት ተቀይሮ፣ ገና ነገሩ ሁሉ አዲስ አዲስ በሚልበት ዘመን ነው። አባቴ ቤተ ልሔም አካባቢ ድጓ የሚያስተምሩ መሪጌታ ነበሩ፤ አገር ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል፣ እኔም «የኔታ» ነው የምላቸው። እናቴ ቀድማ ስላረፈች ቤቱ ውስጥ እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን፤ ከግቢው ጎጆ ሙሉ ተማሪዎች ሌላ ማለቴ ነው። ዓይናቸው እየደከመ፣ ፊደሉ እየጠፋባቸው ሄዶ ነበር። ከመምህራን ማሠልጠኛ ስመረቅ ከቤታችን ብዙም ወደማይርቅ ትምህርት ቤት ተመደብኩ፤ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። አንዲት እርጉዝ ባልደረባዬ ግን ገብስ አምባ ደርሷት ስታለቅስ አይቼ «ነይ እንለዋወጥ» አልኳት። እውነቱን ለመናገር ያዘንኩላት ያህል አምባዋንም ለማየት ጓጉቼ ነበር። ቤት ገብቼ «የኔታ፣ ደሴት የመሰለች አገር ናት አሉ» ስላቸው አባቴ ከመደባቸው ተነሡ። «ሐዋርያው ወደ ደሴት የሄደው ተግዞ ነው። አንች ወደሽ!» አሉኝ። ቀጠሉና፣ በሕይወቴ የማልረሳውን ቃል ተናገሩ፦ «ዓይኔ ሲጠፋ ጥለሽኝ ከሄድሽ፣ ስሞትም እንዳትቀብሪኝ!»

ይህ ቃል በኛ አገር የቁጣ ቃል ብቻ አይደለም። አባት ተናግሮት ሳያነሣው ከሞተ፣ ልጅ ከቀብሩ ርቃ ቆማ እንደ ባዳ ታለቅሳለች እንጂ አፈር አትመልስም፤ የሚያውቅ ዘመድም አያስጠጋትም። እኔም ግትር ነኝ፤ ሻንጣዬን አንሥቼ ሄድኩ። በወገዳ ገበያ አንድ ሸራ ጫማና አንድ ሹራብ ገዝቼ፣ በአህያ ተጭኜ ሳይሆን ከአህያ ኋላ እየተጎተትኩ ገብስ አምባ ገባሁ።

ያን ዘመን ሳስበው መጀመሪያ የሚመጣብኝ ርካሽነቱ ነው። በአንድ ብር እንቁላል ገዝቼ እስከ ሳምንቱ ገበያ ያቆየኝ ነበር። የዶሮን ዋጋ ለዛሬ ልጆች ብነግራቸው ውሸታም ስለሚሉኝ እተወዋለሁ። ኮንጎ ጫማ ያደረገ ተማሪ የሀብታም ልጅ ነው፤ ጭቃ እንዳይነካበት በእጁ ይዞ መጥቶ ክፍል በር ላይ ያጠልቀዋል። አንዲት ሬዲዮ ነበረችን፤ ባትሪ ድንጋይዋ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣታለን፣ ትንሽ ነፍስ ስትዘራ ለእሑድ ዘፈን እንቆጥባታለን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሴቱም ወንዱም የኮሶው ዛፍ ሥር ይሰበሰባል፤ አንድ ዘፈን እስኪያልቅ ሰው አይነቃነቅም፤ መሐል ላይ ሬዲዮዋ ዝም ካለች የቀረውን ራሳችን እንዘፍነዋለን። ዛሬ ይበልጣል ስልኩ ላይ ስንት ዘፈን እንዳለው ሊያሳየኝ ጣቱን ሲያንሸራትት አየሁት፤ ከሁሉም አንዱንም እስከ መጨረሻው አላሰማኝም።

በጂኦግራፊ መማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ስለ አንዲት ትንሽ ደሴት የሚናገር ትምህርት ነበር። ብርዱም ሙቀቱም ከልክ የማያልፍባት፣ ዳርዳሯ ገደል የሆነ፣ ነፋስ ከባሕር እያመጣ ዝናብ የሚያፈስባት፣ ወንዞቿ አጫጭር፣ አፈሯ ስስ የሆነች ደሴት። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ልጆቹም አላዩም። የአምባዋን ሸክላ አፈር አቡክተን በገበቴ ውሃ መሐል ደሴት ሠራን፤ ገደሉን በጣታችን ቀረጽን፣ ዛፉን በጦስኝ ቅጠል ተከልን። ጨርሰን ቆመን ስናያት ልጆቹ በአንድ አፍ «ይሄማ ገብስ አምባ ነው!» አሉ። አልተሳሳቱም። ይበልጣል እጁን አወጣና «መምህርት፣ እነዚያ ሰዎች ባሕሩ ሳይዘጋቸው በፊት የሚያስታርቃቸው ማን ነው?» አለኝ። መጽሐፉን ወደፊትም ወደኋላም ገለጥኩ፤ ስለ ድንጋዩ አለ፣ ስለ ዝናቡ አለ፣ ይሄ የለበትም። «ለምን ይታረቃሉ?» ብለው ክፍሉ ሁሉ የማላውቅ ልጅ እንደሆንኩ በሐዘኔታ አየኝ።

የገብስ አምባን ደንብ ያወቅኩት እንዲህ ነው። ከተኳረፉት ጋር አንድ ምንጭ እየቀዱ፣ መውጫ በሌለበት ሦስት ወር መቆለፍ ሰው ያጠፋል፤ ድሮ አጥፍቶም ያውቃል ይላሉ። ስለዚህ ወንዙ ከመሙላቱ በፊት አንድ እሑድ ሕዝቡ በሩ ላይ ይሰበሰባል። የአምባው ሽማግሌ አያ ታከለ ይነሡና «ማን ከማን?» ብለው ይጠይቃሉ። የተጣላ ሁሉ ስሙን ይናገራል፤ ይታረቃል፤ ያልታረቀ ወንዙን ተሻግሮ ክረምቱን ውጭ ይከርማል። ልጆቹ ከብት ሲመልሱ ሳይቀር

ክረምቱ ገባ፣ በሩም ተዘጋ፤
የተኳረፈ ይታረቅ ሳይነጋ

እያሉ ያዜማሉ። «አሁንም አለ ይሄ ነገር?» ብዬ አውቶቡሱ ውስጥ ይበልጣልን ጠየቅኩት። «ድልድይ ተሠራ እኮ መምህርት! ነሐሴም ቢሆን ሞተር እስከ እግሯ ድረስ ይገባል። ማን ዘግቶን እንታረቃለን? አሁንማ በስልክ እንጣላለን፣ በስልክ እንዘጋጋለን» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። በድልድዩ ግን ደስ አለኝ፤ በምጥ ላይ ያለች ሴት በክረምት ምን ትሆን እንደነበር ያየ ሰው ድልድይን አያማም።

በዚያ በመጀመሪያው ዓመቴ፣ በዕርቁ እሑድ፣ አያ ታከለ «ማን ከማን?» ሲሉ ስለ ድንበር፣ ስለ ጥጃ፣ ስለ ሐሜት የተጣላ ሁሉ ተነሣ፣ ታረቀ፣ ተቃቀፈ። በመጨረሻ ወደኔ ዞሩና «መምህርትስ? አንች ትምህርት ሲዘጋ አገርሽ አትሄጅም?» አሉኝ። ሌላው መምህር ሁሉ ጓዙን አስሮ ነበር፤ እኔ ግን የምሄድበት ቤት አልነበረኝም። «እኔ ከአባቴ» አልኩ። ነገሩን ሁሉ ተናገርኩ፤ «ስሞት እንዳትቀብሪኝ» የሚለው ጋ ስደርስ ሴቶቹ ደረታቸውን ያዙ። «አሟቸዋልም ይባላል፤ ክረምቱን አይከርሙ ይሆናል» አልኩ። አያ ታከለ ቀረቡኝ። «እንግዲያ አንችን ይዘን በር አንዘጋም። ቂምሽ ማዶ ቢሆንም ቂም ነው» አሉና በማግስቱ ወደ ቤተ ልሔም ሽማግሌ ላኩ።

አባቴ መጡ። ያን ሁሉ አገር በበቅሎ፣ በተማሪዎቻቸው ተደግፈው መጡ። ግን ማዶ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ጥቁር ውሃ ሞልቶ አደረ። ጠዋት ጉሙ ከገደሉ ቀስ እያለ ሲነሣ ነጭ ሻሽ የጠመጠሙ ሰው መቋሚያ ተደግፈው ቆመው አየሁ፤ ከኋላቸው ደበሎ የለበሱ ተማሪዎች ተደርድረዋል፤ የማዶው አገር ሰውም ወንዱም ሴቱም ወጥቷል። እኛ በዚህ ወገን ገደሉ ከሚጠብበት፣ ድምፅ ከሚሻገርበት ቦታ ላይ ቆምን። ይቅርታ የሚለምን ሰው ድንጋይ ይሸከማልና አንድ ድንጋይ አነሣሁ። አያ ታከለ አዩኝና «ምነው መምህርት፣ ወፍ ልታባሪ ነው? ከማዶ የሚታይ አንሽ እንጅ!» ብለው አንዱን ቋጥኝ በጫንቃዬ አሸከሙኝ። ከዚያም ጉሮሯቸውን ጠርገው ተጣሩ፦ «የኔታ ሆይ! ልጅዎ ከእግርዎ ሥር ናት! በደሏን ይናገሩ!» ቃሉ ገደል ለገደል እየተቀባበለ ተሻገረ።

በማዶ በኩልም ደንቡ ለአባቴ የሚጣራ ሰው አቁሞላቸው ነበር፤ እሳቸው ግን አሻፈረኝ አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በድምፃቸው ያደሩ ሰው በሌላ ሰው አፍ ሊናገሩ! ተማሪዎቻቸውን «ድምፄ ካልደረሰ ተቀበሉኝ» አሏቸው። ዜማ ቤት እንግዲህ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ መምህሩ ይላል፣ ተማሪው ተቀብሎ ይላል። የትኛውን ተቀብለው የትኛውን እንደሚተዉ ግን የኔታ አልነገሯቸውም፤ ያስተማሯቸው ልጆች ደግሞ ከመምህር አፍ የወጣን ቃል የሚመርጡ አልነበሩም።

«ልጄ ሳታማክረኝ ሄደች» አሉ አባቴ። እኛ ጋ የደረሰ አንዳች ቀጭን ነገር ነው፤ ወንዙ ዋጠው። ወዲያው ተማሪዎቹ በአንድ አፍ፣ በዜማ፣ እየጎተቱ «ልጄ… ሳታማክረኝ… ሄደች…» አሉ። ገደሉ ተናወጠ። አባቴ ደነገጡ። «ቀስ በሉ እናንተ፣ ማሕሌት ቆማችኋል እንዴ!» ብለው ተቆጡ። ተማሪዎቹ ተቀበሉ፦ «ቀስ በሉ እናንተ… ማሕሌት ቆማችኋል እንዴ…» አምባው በሳቅ ፈረሰ። አያ ታከለ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። እኔ ቋጥኜ ሥር ሆኜ መሳቅና ማልቀስ አንድ ላይ ያዘኝ።

አባቴ ደከማቸው መሰለኝ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የወንዙ ጩኸት ይሸፍነኛል ብለው ይሆናል፣ ለራሳቸው ማጉረምረም ጀመሩ። ማዶው ግን ሁሉንም ወደኛ ላከው፦ «ምን አጠፋች እሷ… እኔ ነኝ እንጅ ፈርቼ… ዓይኔ ሲጠፋ ማን ይመራኛል ብዬ ፈርቼ… ከሄደች ወዲህ ቤቱ ጨለመብኝ…» ሳቁ ተቆረጠ። እኒያ ልጆች ቃሉን ምን እንደሆነ ሳያስቡ፣ እንደ ተማሩት፣ ከፍ ዝቅ እያደረጉ ነበር የሚያዜሙት። አባቴ ፊት ለፊት እንዲህ ያለ ነገር ሊነግሩኝ ቀርቶ ሊያስቡት እንደሚችሉ አላውቅም ነበር። «ድንጋይ ተሸክማለች እንዴ…» አለ ማዶው። «ተሸክማለች የኔታ! ቋጥኝ ነው!» አሉ አያ ታከለ። «አውርዱላት… ወገቧን ትታመማለች…»

ሰዎች ቋጥኙን አወረዱልኝ። አባቴ ተነሡ። መቋሚያቸውን ከፍ አደረጉ፤ በዚህ ጊዜ ለተማሪዎቹም፣ ለአምባውም፣ ለኔም መናገራቸው ነበር። «ካንች በቀር ማን አለኝ… ቃሌን አንሥቻለሁ… ስሞት… አንች… ቅበሪኝ…» ሴቶቹ ከወዲህም ከወዲያም እልል አሉ። ስለ ቀብር እልል ሲባል የሰማሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። እኔም የጠሪውን ተራ አልጠበቅኩም። አፋፉ ላይ ተንበርክኬ ባለኝ ድምፅ ሁሉ «እሽ የኔታ! እቀብርዎታለሁ!» ብዬ ጮኽኩ። ልጅ ለአባቷ እንዲህ ብላ በአደባባይ ስትጮኽ ማን ያውቃል! አምባው እንደገና ሳቀ፣ እያለቀሰ ሳቀ፤ ማዶም አንድ ነጭ ሻሽ በሳቅ ሲነቀነቅ አየሁ።

ከዚያ አምባው ተዘጋ። ክረምቱ በፍርሃት ነበር ያለፈው፤ እውነቱን ልናገር። የታመሙ ሰው ናቸው፣ ወንዙ ሞልቷል፣ ቢሞቱስ? ከማዶ ሰው በተጣራ ቁጥር ወደ አፋፉ እሮጥ ነበር፤ ጠሪው ስለ ጠፋ በግ ሲያወራ ተመስገን እላለሁ። በዚያ ክረምት ያበሉኝን ገብስ፣ በብርድ ያለበሱኝን ጋቢ፣ «አይዞሽ፣ የኔታ ጠንካራ ናቸው» ያሉኝን አፍ ሁሉ እግዜር ይባርክ፤ የማን ቤት እንደበላሁ አሁን ለይቼ አላስታውስም፣ ሁሉም ቤት በልቻለሁና። መስቀል ሲደርስ ውሃው ጎደለ። ወገቤ ድረስ እየረጠብኩ ተሻገርኩ፣ ቤተ ልሔም ድረስ አላረፍኩም። አባቴ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ዳና ሰምተው ፊታቸውን አዞሩና «ዘገየሽ» አሉኝ። ሌላ ነገር አልተናገርንም፤ ምን ይቀረናል? ያለንን ሁሉ ሁለት ደብር ሰምቶታል።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። አንድ በጋ ገብስ አምባ ድረስ አምጥቻቸው ገደሉን በመዳፋቸው እየዳሰሱ «እግዚአብሔር ይህቺን ለምን ለይቶ አቆማት?» ሲሉኝ፣ ውሃ እንዴት ድንጋይ እንደሚበላ ነገርኳቸው፤ ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው «እሱም ያው እግዚአብሔር ነው» አሉ። በኋላም ወደሳቸው ቀረብ ብዬ ተዛወርኩ፣ ዓይናቸው ጭራሽ ሲጠፋ እጃቸውን ይዤ ቤተ ክርስቲያን አደረስኳቸው። ብዙ ሰው ስለ ትዳሩ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ልጆቹ ያመሰግናል፤ እኔም አመሰግናለሁ። ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ግን ለአንዲት በገደል ለተከበበች መሬት ነው፤ ዝምታን ይዞ መክረም በማይቻልባት አገር ባልኖር ኖሮ፣ አባትና ልጅ፣ ሁለት ግትሮች፣ በየቤታችን ተቀምጠን አንዳችን እስክንሞት እንጠባበቅ ነበር።

ያረፉት በኅዳር ነው፤ ወንዙ ሁሉ ጎድሎ፣ መንገዱ ሁሉ ክፍት ሆኖ። ተማሪዎቻቸው ከየአገሩ መጥተው ሲያዜሙ ዋሉ። መቃብሩ አፋፍ ላይ ስቆም ገለል በይ ያለኝ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያውን አፈር እኔ መለስኩ። ሰው ሁሉ እየመጣ «እግዜር ያጥናሽ» ሲለኝ «አሜን» እያልኩ፣ በሆዴ ግን «ተመስገን፤ አባቴን ቀበርኳቸው» እል ነበር።